የጓሮ ዳክዬ ጤና በጅቡቲ ከተማ፤ ሳይቃጠል በቅጠል

ስለ ጓሮ እርባታ በተነሣ ቁጥር ቀድማ የምትታሰበን ዶሮ ናት። ዳክዬ በአገራችንም ሆነ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ባሉት ከተሞች የዶሮን ያህል አልተለመደም፤ ሥጋውን በሃይማኖትም በልማድም ምክንያት የማይቀርበው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ወፍ ለከተማ ነዋሪና ለጦር ሰፈር ጓሮ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። እንቁላሉ ከዶሮ እንቁላል ይተልቃል፤ ከማዕድ ቤት የተረፈውን ይለቅማል፤ የዝንብ እጭና ቀንድ አውጣ እየለቀመ ጓሮ ያጸዳል፤ የዶሮ መንጋ የሚጨርሰው ፈንግል እንኳ ዳክዬን እምብዛም አይጥለውም።

ጠንካራ የተባለ እንስሳ ግን ባለቤቱን ያዘናጋል። ዳክዬ በተፈጥሮው አዳኝ የሚከታተለው ፍጥረት በመሆኑ ሕመሙን ይደብቃል፤ የደከመ መስሎ የታየ ዕለት የጭልፊትና የቀበሮ ሲሳይ ይሆናልና እስኪወድቅ ድረስ ከመንጋው ጋር ቆሞ ይውላል። ስለዚህ ባለቤቱ «ዛሬ ታመመ» በሚልበት ዕለት ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ሥር ሰዷል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአበው ብሂል ለሰው የተነገረ ቢሆንም ለዳክዬና ለባለቤቱም በእጅጉ ይስማማል።

ነገሩ የወፍ ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር ጅቡቲ በራሷ ላይ አይታለች። በሚያዝያ ወር 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በአርታ አውራጃ ባለች አንዲት ትንሽ የገጠር መንደር የምትኖር የሁለት ዓመት ሕፃን ታመመች። ቀደም ብሎ በአካባቢው ጥቂት ዶሮዎች ሞተው ነበር። ናሙናው በዚያን ጊዜ በካይሮ ወደነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ቤተ ሙከራ ተልኮ በተመረመረ ጊዜ ኤች 5 ኤን 1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ቫይረስ በሕፃኗም በዶሮዎችም ላይ ተገኘ፤ የአገሪቱ መንግሥትም ግንቦት 2 ቀን 1998 ዓ.ም. ይህንኑ አስታወቀ። በአፍሪካ ቀንድ ይህ በሽታ በሰው ላይ መድረሱ ሲረጋገጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሕፃኗ ከሞት ተርፋለች።

እንግዲህ ዳክዬ የሚያረባ ሰው ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። አንደኛው በንጹሕ ውሃ፣ በጥላ፣ በፋሻና በትዕግሥት እዚያው ጓሮ ውስጥ የሚድነው ሕመምና ጉዳት ነው። ሁለተኛው ከጓሮ አጥር ወጥቶ ለባለሙያ ካልተነገረ በቀር የሰውንም ሕይወት ሊነካ የሚችለው ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ በየዕለቱ የሚያጋጥሙትን፣ በመጨረሻም ፈጽሞ ሊደበቅ የማይገባውን በቅደም ተከተል ለማቅረብ ወደናል።

ጤነኛውን ያላወቀ ሕመምተኛውን አይለይም

ጤነኛ ዳክዬ ዓይኑ የጠራ ነው፤ ሰው ሲቀርበው ይሸሻል፤ ላባውን በምንቃሩ እያበጠረ ያስተካክላል፤ ውሃ ቢረጩበት ጠብታው ከላባው ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። ሁለቱንም እግሮቹን እኩል ይረግጣል። መኖ ሲመጣለት ከሁሉም ጋር ይሽቀዳደማል። ከመንጋው ተለይቶ የሚቆም፣ ላባውን አንጨፍርሮ የሚያንቀላፋ፣ ጭራውን ዝቅ አድርጎ የሚያነክስ፣ ኩሱ ውሃ የሆነ፣ አረንጓዴ ወይም ደም የቀላቀለ ዳክዬ ካለ ግን መያዝና መመርመር አለበት።

ለዚህ የሚስማማው ሰዓት ማለዳ፣ መኖ ሲቀርብ ነው። በጦር ክፍል ውስጥ የማለዳ ተራ ጥሪ ያልተገኘውን ሰው ወዲያው እንደሚያስታውቅ ሁሉ፣ ወደ መኖው ያልሮጠውም ዳክዬ ራሱን ያጋልጣል። በሳምንት አንድ ጊዜ እያንዳንዱን አንሥቶ የደረቱን አጥንት መዳሰስ ይጠቅማል፤ ላባ መክሳትን ስለሚሸፍን አጥንቱ እንደ ስለት ሹል እስኪሆን ድረስ ዓይን ላያየው ይችላልና። ዳክዬ ሲያዝ በእግሩ ወይም በአንገቱ አይንጠለጠልም፤ እግሩ ቶሎ ይሰበራል። ሁለቱን ክንፎች ከገላው ጋር አጥብቆ በብብት ሥር መያዝ ይበቃል። ገላው ቢግል ትኩሳት ነው ብሎ መደንገጥ አያሻም፤ የጤነኛ ዳክዬ የሰውነት ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ነው።

የታመመ መስሎ የታየውን ወዲያው ለብቻው ማግለል የሕክምናው ሁሉ መጀመሪያ ነው። ካርቶን ወይም ሣጥን፣ ደረቅ ጉዝጓዝ፣ ጥላ ያለበት ጸጥ ያለ ቦታ፣ ንጹሕ ውሃ፤ ይህ ብቻ ብዙውን ደካማ ወፍ መልሶ ያቆመዋል። የገለልተኛው ዕቃ ከሌላው ጋር አይቀላቀል፤ መኖና ውሃ የሚሰጠውም ከጤነኞቹ ቀጥሎ በመጨረሻ ይሁን።

የጅቡቲ በጋ የሚያደርሰው አደጋ

በጅቡቲ ከተማ የበጋው ሙቀት 40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ኀምሲን የሚባለው አቧራ የጫነ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ጥላም አያድንም። በባልባላና በአምቡሊ ብዙ ቤቶች በቆርቆሮ የተሠሩ በመሆናቸው ቀትር ላይ ቆርቆሮ ሥር የተዘጋበት ዳክዬ ምድጃ ላይ የተጣደ ያህል ነው። ዳክዬ ላብ የለውም። ሙቀቱን የሚያወጣው በምንቃሩ፣ በእግሮቹና በትንፋሹ ብቻ ነው።

ሙቀት የመታው ዳክዬ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ክንፉን ከገላው ያርቃል፣ ይንገዳገዳል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። በዚህ ጊዜ የሚደረገው ወደ ጥላና ነፋሻ ቦታ መውሰድ፣ እግሮቹን ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆም፣ ምንቃሩንና ራሱን ማርጠብ ነው። በረዶ የሆነ ውሃ በድንገት አይፈስበትም፤ የደም ሥሮቹ ይኮማተሩና ሙቀቱ በውስጡ ይታፈናል። መዋጥ እስኪችል ድረስ በጉሮሮው ውሃ ማፍሰስም አይገባም፤ ወደ ሳንባው ይገባልና። ሲነቃ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በጥብጦ ለጥቂት ሰዓት መስጠት ብርታት ይሆነዋል።

መከላከያው ግን ርካሽ ነው። ቆርቆሮውን በጆንያ ወይም በሰሌን መሸፈንና ጆንያውን ቀትር ላይ ማርጠብ፣ የቤቱን ጎን ነፋስ እንዲያልፍበት በሽቦ መተው፣ መኖውን በማለዳና በምሽት ብቻ ማቅረብ፤ ዳክዬዎችን ከዚህ የተሻለ የሚጠብቃቸው መድኃኒት የለም።

የውሃው ጨው

በዚህች ከተማ ውሃ ራሱ ሕመም ሊሆን መቻሉን ብዙ አርቢ አያስብም። ከተማዋ ለረጅም ዘመን የኖረችው ከአምቡሊ አካባቢ ከመሬት ሥር በሚወጣ ውሃ ሲሆን፣ ዝናቡ በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነና ባሕሩም ቅርብ በመሆኑ ውሃው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨየ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከአዲጋላ ተነሥቶ በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያደርስ የተሠራው መስመር ተመረቀ፤ በ2021 ደግሞ በዶራሌ የባሕርን ውሃ የሚያጣራ ፋብሪካ ተከፈተ። ይህ ሁሉ ለከተማዋ ታላቅ እፎይታ ቢሆንም በየጓሮው ያለው አሮጌ ጉድጓድና በበርሜል የተቀመጠ ውሃ ዛሬም ጨዋማ ሊሆን ይችላል።

በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሟሟው ጨው ከ3 ግራም ሲያልፍ ለቤት ወፎች አይስማማም፤ ከ5 ግራም በላይ ከሆነ ፈጽሞ አይጠጣም። ያደገ ዳክዬ ከዓይኑ በላይ ባለ ዕጢ ትርፉን ጨው በአፍንጫው ቀዳዳ በማስወጣት ጥቂት ይቋቋማል። የጫጩቱ ዕጢና ኩላሊት ግን ገና አልጠነከሩም። ጨው የመረዘው ጫጩት ያለማቋረጥ ይጠጣል፣ ኩሱ ውሃ ይሆናል፣ ሆዱ ያብጣል፣ እግሩ ይዝላል፣ መተንፈስ ያቅተዋል። ሕክምናው ውሃውን መለወጥ ነው፤ ነገር ግን እጅግ የተጠማ ወፍ ንጹሑን ውሃ በአንድ ጊዜ እንዲጋት መተው አደጋ ስላለው ጥቂት በጥቂት፣ በየሩብ ሰዓቱ ይቀርብለታል። ተቅማጥ ያየ ሰው ለጨው የተቸገረ መስሎት በዚሁ ጨዋማ ውሃ ላይ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ቢበጠብጥ ጉዳቱን ያብሰዋል። የባለቤቱ መመዘኛ ቀላል ነው፤ ለራሱ ልጅ የማያጠጣውን ውሃ ለዳክዬ ጫጩት አያጠጣ።

ጥልቀቱም ጉዳይ አለው። ዳክዬ ለመዋኘት ኩሬ ባያገኝ አይሞትም፤ ነገር ግን ራሱን እስከ ዓይኑ ድረስ የሚነክርበት ውሃ ይሻል። ይህን ያጣ ዳክዬ ዓይኑ በአረፋና በዓይነ ምድር ይጣበቃል፣ የአፍንጫው ቀዳዳ በአቧራና በመኖ ይደፈናል። እንዲህ ሲሆን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ጥቂት ጨው ጨምሮ በንጹሕ ጨርቅ ዓይኑን በቀን ሁለት ጊዜ ማጠብና ጥልቅ ባልዲ ማቅረብ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ያድነዋል። ለጫጩቶች ግን ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ይደረግ፤ ከእናታቸው የተለዩ ጫጩቶች ላባቸው ውሃ ስለማይችል መውጫ ካጡ ይሰጥማሉ።

እግር የተሸከመው ጣጣ

የጅቡቲ መሬት ድንጋያማ ነው፤ በየግቢው የተነጠፈው ጠጠርና የኮራል ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ለዳክዬ ለስላሳ እግር አይመችም። የውስጥ እግሩ ትንሽ ሲላጥ ባክቴሪያ ይገባበትና መሐሉ ጥቁር ቅርፊት ያለው እበጥ ይወጣል፤ ውስጡ ጠንካራ መግል ይቋጥራል። ዳክዬው ማነከስ ይጀምራል፤ ችላ ከተባለ መግሉ ወደ መገጣጠሚያና ወደ አጥንት ይዘልቃል።

እበጡ ገና ትንሽ ሳለ እግሩን ለብ ባለ የጨው ውሃ ለሩብ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ አዮዲን መቀባትና በንጹሕ ፋሻ መጠቅለል ያስፈልጋል። ፋሻው በየቀኑ ይለወጣል፤ ዳክዬውም በደረቅ ገለባ ወይም በሰጋቱራ ላይ ይቆያል። እበጡ ካበጠና ከጠነከረ ምላጭ አንሥቶ መቅደድ ድፍረት እንጂ ሕክምና አይደለም፤ የእግሩ ደም ሥር ከተነካ ደሙ ለማቆም ያስቸግራል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። ይህ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ሐኪሙን የነካው እጅ ሁሉ በሳሙና መታጠብ እንደሚገባው፣ መግል የነካ ጓሮ ውስጥ ያለ ሰውም እጁን ሳይታጠብ ማዕድ አይቅረብ።

ሌላው የእግር ሕመም የሚመጣው ከመኖ ነው። የዳክዬ ጫጩት ኒያሲን የተባለውን ቪታሚን ከዶሮ ጫጩት እጥፍ ያህል ይፈልጋል። ጫጩቱ በዶሮ መኖ ወይም፣ በከተማዋ እንደሚታየው፣ ከማዕድ በተረፈ ረጅሙ የፈረንሳይ ዳቦና በነጭ ሩዝ ብቻ ካደገ እግሮቹ ይጎብጣሉ፣ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፣ ቁጢጥ ብሎ ይቀራል። ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒቱ እርሾ ነው፤ የደረቀ የቢራ እርሾ በመኖው ላይ መነስነስ፣ ወይም ከዓሣ ገበያ የተገኘ ዓሣ ቀቅሎ አጥንቱን ለቅሞ መጨመር ጫጩቱን በቀናት ውስጥ ያቆመዋል። ከዘገየ ግን የጎበጠው አጥንት አይቃናም። ክንፉ ወደ ውጭ የተገለበጠ ወጣት ዳክዬም ካለ ክንፉን በተፈጥሮ አቀማመጡ አጥፎ ለጥቂት ቀናት በለስላሳ ፋሻ መደገፍና ዳቦውን መቀነስ ይጠቅማል፤ ካደገ በኋላ ግን የሚያሳፍር እንጂ የሚገድል ጉድለት አይደለም።

ቁራ፣ ውሻና ድመት

በጅቡቲ ከተማ ሰማይ ላይ ከማለዳ እስከ ማታ የሚጮኸው አንገቱ ግራጫ የሆነው ቁራ የአገሩ ተወላጅ አይደለም። ከሕንድና ከአካባቢዋ በመርከብ እየተሳፈረ በቀይ ባሕርና በምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች የተሠራጨ ወፍ ነው። የዳክዬ ጫጩትንና እንቁላልን ይነጥቃል፤ ያደገውንም ቁስል ያየበት እንደሆነ እየነቆረ ያሰፋዋል። ሌሊት ደግሞ የባዘነ ውሻና ድመት ይመጣሉ። ስለዚህ የጫጩት ማደሪያ ከጎኑ ብቻ ሳይሆን ከላዩም በሽቦ መሸፈን አለበት።

ለቁስለኛ የሚደረገው የመጀመሪያ እርዳታ ወታደሩ በሚያውቀው ቅደም ተከተል ይሄዳል። በመጀመሪያ ደሙ ይቆማል፤ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ ያለማቋረጥ ለአምስት ደቂቃ መጫን ነው። ቀጥሎ ቁስሉ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ በዙሪያው ያለው ላባ ይቆረጣል፤ በውሃ የቀጠነ አዮዲን ይቀባል። ከዚያ ዳክዬው ቁራና ዝንብ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ዝንብ በሞቃት አገር ትልቁ የቁስል ጠላት ነው፤ እንቁላሉን ከጣለ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይፈላል። ትል የታየበት ቁስል በጨው ውሃ ተደጋግሞ ይታጠባል፣ ትሉም በወረንጦ አንድ በአንድ ይለቀማል። ናፍጣና የባትሪ ውሃ ቁስል ላይ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ፤ ይህ ሕይወት ያለውን ሥጋ ያቃጥላል እንጂ አያድንም። የድመት ንክሻ ከላይ ትንሽ ቢመስልም ከውስጥ ይመረቅዛልና ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

የተሰበረ ክንፍ ከገላው ጋር ተጣጥፎ በፋሻ ይታሰራል፤ ደረቱ ግን አይጠበቅ፤ ወፍ የሚተነፍሰው ደረቱን እያሰፋና እያጠበበ ስለሆነ አጥብቆ ማሰር ያፍነዋል። አጥንቱ ከቆዳ የወጣ ከሆነ ወደ ሐኪም ይወሰዳል፤ የማይድን ከሆነም ሳያሠቃዩ ማረዱ ርኅራኄ ነው።

እንቁላል መጣል ያቃታት ዳክዬም በዚህ ክፍል ትታሰባለች። ታምጣለች፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፣ እንቁላሉ ግን አይወጣም። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ማስቀመጥና ማረፊያዋን ጸጥ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ሆዷን መጭመቅ ግን እንቁላሉን በውስጧ ይሰብረዋል። መንሥኤው ብዙ ጊዜ የካልሲየም ጉድለት ስለሆነ ከባሕር ዳር የተለቀመ ዛጎል ጨዉ እስኪለቅ አጥቦ፣ ፈጭቶ በሌላ ሳህን ማቅረብ መከላከያ ነው።

ሻጋታና የረጋ ውሃ

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የጅቡቲ አየር ይቀዘቅዛል፤ ወበቁ ግን አይለቅም። ጆንያ ውስጥ የተቀመጠ በቆሎ፣ ለውዝና ደረቅ ዳቦ የሚሻግተው እንዲህ ባለው እርጥበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ አለቁ፤ የዳክዬ ጫጩቶችም አብረው ሞቱ። ተመራማሪዎች በመጨረሻ የደረሱበት መርዝ በመኖው ውስጥ የነበረው የለውዝ ፋጉሎ ሻጋታ የፈጠረው አፍላቶክሲን ነበር። የዳክዬ ጫጩት ለዚህ መርዝ እጅግ ስሱ ከሆኑት እንስሳት አንዱ ሆኖ በመገኘቱ ቤተ ሙከራዎች ለረጅም ጊዜ መርዙን የሚፈትሹት በእርሱ ነበር። ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሰው «ለሰው አይሆንም፣ ለወፍ ይስጡት» ብሎ የሚጥለው የሻገተ ዳቦ ለወፉም መርዝ ነው። ሻጋታው የጉበት ጠላት ብቻም አይደለም፤ ከሻገተ ጉዝጓዝ የሚነሣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይበቅልና ዳክዬው አፉን ከፍቶ እያቃሰተ ይሞታል። ለሁለቱም ጓሮ ውስጥ የሚሠራ መድኃኒት የለም፤ መኖውንና ጉዝጓዙን ደረቅ ማድረግ ብቻ ነው።

ዝናብ ብርቅ በሆነባት ከተማ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ዐውሎ ነፋስ፣ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ቀን የሁለት ዓመት ያህል የጣለው ዝናብ ሠፈሮችን አጥለቅልቀዋል። ጎርፍ ጥሎት የሚሄደው የረጋ ውሃ ለዳክዬ ዓይን ገነት ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ የበሰበሰ እንስሳና ዓሣ ካለ ቦቱሊዝም የሚባለው መርዝ በሙቀቱ ይፈላል። መርዙን ወይም መርዝ የጠጣውን ትል የዋጠ ዳክዬ በመጀመሪያ እግሩ፣ ቀጥሎ ክንፉ፣ በመጨረሻ አንገቱ ይዝላል፤ እንደ ጨርቅ ይንጠለጠላል። እንዲህ የሆነውን ከውሃ ማራቅ ያስፈልጋል፤ አንገቱን ማንሣት ስለማይችል በጥቂት ውሃ ይሰጥማልና። በጥላ ሥር አስቀምጦ፣ መዋጥ ከቻለ ንጹሕ ውሃ በጠብታ በምንቃሩ ጫፍ እየሰጡ መጠበቅ ነው፤ ቀለል ያለ መርዝ ያገኘው በጥቂት ቀናት ሊነሣ ይችላል። የሞተውን ሁሉ ሳይውል ሳያድር አንሥቶ መቅበር ሌሎቹን ያድናል።

በጓሮ የማይታከመው

እስካሁን የዘረዘርነው አንድ ወይም ሁለት ዳክዬ የሚይዝ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ወፎች ሲሞቱ ግን ባለቤቱ ሐኪም መሆኑ ያበቃል። የዳክዬ ቸነፈር፣ የጫጩቶች የጉበት በሽታና የወፍ ኮሌራ በፍጥነት ይገድላሉ፤ ሁሉም በዓይን ብቻ ተለይተው አይታወቁም።

ከሁሉም የሚከፋው የወፍ ጉንፋን ነው። ኤች 5 ኤን 1 እ.ኤ.አ. በ1996 በደቡብ ቻይና በአንዲት ዝይ ላይ ተገኘ፤ በሚከተለው ዓመት በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን ገደለ። በዚህ በሽታ የዳክዬ ነገር ልዩ ነው። ዶሮ በቫይረሱ በተያዘች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ስትሞት፣ ዳክዬ ብዙ ጊዜ አንዳች ምልክት ሳያሳይ ቫይረሱን በኩሱና በምራቁ ለቀናት ይረጫል። ጤነኛ የሚመስለው ዳክዬ በአንድ ገንዳ የሚጠጡትን ዶሮዎች ይጨርሳል፤ በዚያው ግቢ መሬት ላይ የሚጫወተውንም ሕፃን ለአደጋ ያጋልጣል። ጅቡቲ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ የሚመላለሱ ስደተኛ ወፎች የሚያልፉባት አገር ናት፤ በባሕር ዳርቻዋ ጭቃማ ሜዳዎች የሚያርፉት የውሃ ወፎች ከጓሮ ዳክዬ ጋር በአንድ ኩሬ ቢገናኙ ቫይረሱ የሚሻገርበት ድልድይ ይሆናል።

ስለዚህ ዶሮዎች በድንገት ሲሞቱ ዳክዬዎቹ ደኅና ናቸው ብሎ መጽናናት ስሕተት ነው። እንዲያውም ምልክቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ዳክዬ ላይም የአንገት መጠማዘዝ፣ ዓይኑ ነጭ መሆን፣ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ ሞት ከታየ በሽታው ሊሆን ይችላልና የሚከተለው ይደረጋል። የሞተው በባዶ እጅ አይነካም፤ አይታረድም፣ አይበላም፣ ለውሻ አይጣልም፣ ወደ ገበያም አይወጣም። ልጆች ከግቢው ይርቃሉ። የቀሩት ወፎች ባሉበት ይዘጋሉ። ከዚያም በጅቡቲ ከሆነ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ላለው የእንስሳት ጤና ክፍል፣ በአገራችን ከሆነ ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ሐኪም ወዲያው ይነገራል። በወታደር ሰፈር ደግሞ የክፍሉ ሕክምና ሹም በቅድሚያ ማወቅ አለበት። ወፎቹን የነካ ሰው ትኩሳትና ሳል ከተሰማው ለሐኪም ሲቀርብ ወፍ መንካቱን ራሱ መናገር ይኖርበታል፤ ሐኪሙ ካልተነገረው ሊገምተው አይችልምና።

ቫይረሱ ግን የማይበገር አይደለም። ሳሙናና በረኪና ያጠፉታል፤ ሥጋም እንቁላልም እስከ ውስጡ 70 ዲግሪ ደርሶ ከበሰለ አይተርፍም። ጫማን ወፍ ቤት በር ላይ መለወጥ፣ እጅን መታጠብ፣ የዳክዬን ገንዳ ከዶሮ መለየትና ሕፃናት ከወፍ ኩስ ጋር እንዳይጫወቱ መጠበቅ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

በመጨረሻ ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ከሱቅ የተገዛ የሰው አንቲባዮቲክ ቀጥቅጦ በውሃ መበጥበጥ በየሠፈሩ የተለመደ ሆኗል። ቫይረስን አንቲባዮቲክ አይገድለውም። በባክቴሪያ በመጣ ሕመምም ቢሆን ያለ ልክ የተሰጠው መድኃኒት በእንቁላሉ ውስጥ ቀርቶ ወደ ቤተሰቡ ማዕድ ይመጣል፤ ባክቴሪያውንም መድኃኒት እንዲለምድ ያደርገዋል። በየቤቱ ሊኖር የሚገባው ሣጥን ከዚህ ይቀላል፤ አዮዲን፣ ፋሻ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ወረንጦ፣ ሳሙና፣ የእጅ ጓንት፣ ጨውና ስኳር። ከሁሉም በላይ ግን በየማለዳው የሚለወጥ ንጹሕ ውሃ።

የዚያችን የአርታ ሕፃን ሕመም ያጋለጠው ናሙና ተወስዶ ወደ ቤተ ሙከራ በመላኩ ነው። ናሙና የሚወሰደው ደግሞ የታመመና የሞተ መኖሩ ሲነገር ነው። ዳክዬ ሕመሙን ቢደብቅ ተፈጥሮው ነው፤ አይፈረድበትም። ባለቤቱ ግን «ወፎቼን ይገድሉብኛል» በሚል ሥጋት የሞተውን ሌሊት ከአጥር ውጭ ቢወረውር ጉዳቱ የጎረቤት፣ የሠፈርና የከተማ ይሆናል። ዳክዬ በጅቡቲም ሆነ በየከተሞቻችን ጓሮ ሊረባ የሚገባው፣ ባለቤቱ ማለዳ ማለዳ ቆጥሮ፣ ውሃውን ለውጦ፣ የጎደለውን ሳይደብቅ ሊናገር ዝግጁ ሲሆን ነው።